ግራው ያልነከሰው ሰው

ያኮባና የልጇ ባል ባስቲያን በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያየ ሰው በሐኪም ቤት በአጋጣሚ የተገናኙ ሁለት ወረፋ ጠባቂዎች ይመስሉታል። እርሷ ለሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ ለሚደርሱ መርከቦች አንሶላና የገበታ ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ የኖረች፣ ክንዷ የፈረጠመ፣ ድምጿ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጩኸት ጋር ሲፎካከር የጎረነነ፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቷትም ነገር በሆዷ አድሮ የማያውቅ ሴት ናት። እርሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሩ በፊት ነጥቡ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ፣ ለቤት ውስጥ ሥራ እንኳ ሸሚዙን የሚተኩስ፣ በአንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ሰዎች የሚያቀርቡትን የካሳ ጥያቄ እየመረመረ እውነቱን ከውሸቱ በማበጠር የሚተዳደር ሰው ነው። እርሷ ስትናደድ በር ይጮኻል፤ እርሱ ሲናደድ የወረቀት መሐረቡን አራት ቦታ ያጥፋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ይህም ቢሆን ከፍቅር ብዛት የመጣ አልነበረም፤ እርሷ ከወንዙ በስተደቡብ፣ እርሱ ከወንዙ በስተሰሜን ስለሚኖሩ፣ በሮተርዳም ደግሞ ወንዙን የሚያሻግረውን ድልድይ ያለ ቀጠሮ የሚሻገር ዘመድ ስለሌለ ነው።

ባስቲያን ሃምሳ ዓመት በሚሞላበት ቅዳሜ ጠዋት ያኮባ ማሰብ የሚገባት ስለ ስጦታው ነበር። እርሷ ግን ከቤቷ አራት መንገድ አልፎ ባለው የእንስሳት ክሊኒክ ደጃፍ ባለሣጥን ብስክሌቷን አቁማ፣ የመስተዋቱን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ልትገባ ስትል፣ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ አንገቷን ወደ ውስጠኛው ክፍል አዙራ "ያቺ የተኩላው ሴትዮ መጣች" ስትል ሰማቻት። ከውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ "ሞልቷል በያት" አለ። ልጅቷም ፊቷን መልሳ፣ ፈገግታዋን አስተካክላ፣ ዛሬ መሙላቱን፣ የሚመጣው ሳምንትም መሙላቱን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ ከአሁኑ መናገር እንደማይቻል አስረዳቻት። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አንዲት ጥንቸልና የጥንቸሏ ባለቤት ብቻ ነበሩ። ባለጥንቸሉ የያኮባን ዓይን ላለማየት ጋዜጣውን ከፍ አደረገ። በግድግዳው ስክሪን ላይ ዋጋዎች ይመላለሱ ነበር፤ ጥፍር መቁረጥ ሃያ ሁለት ዩሮ፣ ጥርስ ማጽዳት ሦስት መቶ ዘጠና፣ ከዚያም የምትጠልቅ ጸሐይ ሥዕል ታክሎበት፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚፈጸም ሰላማዊ ስንብት፣ የመኪናውን ጨምሮ ሦስት መቶ አርባ አምስት።

እንዲህ ስትባል አምስት ሳምንት ሆኗታል። በብስክሌቷ ሣጥን ውስጥ በሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተኛው፣ ግራው የሚባለው ውሻዋ፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከቅድመ አያቶቹ አንዷ የጫካ ተኩላ ናት ይባላል፤ ባሏ ሌንደርት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቡችላውን ከወደብ ጓደኛው ሲቀበል የተነገረው ይኸው ነበር፤ እውነትነቱንም ረጃጅም እግሮቹ፣ ጠባብ ደረቱና ቢጫ ዓይኖቹ ይመሰክሩለታል። ዕድሜውን ሙሉ አንድም ቀን አልጮኸም። እንግዳ ሲመጣ ከሶፋው ጀርባ ይሸሸጋል፤ ጃንጥላ ሲዘረጋ ይሸናል። የሰፈሩ ሰው ስለ ተኩላ የሚያወራውን ሁሉ ቢሰማ በመጀመሪያ የሚደነግጠው እርሱ ራሱ በሆነ። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ከቀኝ ዓይኑ ሥር ትንሽ ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጣ፤ አፉ ይሸት ጀመር፤ ሥጋ ያነሳና መልሶ ይጥላል፤ ፊቱን በምንጣፉ ላይ ይፈትጋል። ያኮባ የዶሮ ጉበት ቀቅላ በሹካ እየፈጨች በጣቷ ታጎርሰዋለች። አርባ አንድ ኪሎ የነበረው ሠላሳ ሦስት ገብቷል።

በደህናው ጊዜ የሚያክመው ሽማግሌ ሐኪም ነበረ፤ በኩሽናዋ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ቢራውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ የግራውን ጆሮ እያጸዳ ስለ እግር ኳስ የሚጨቃጨቅ ሰው። እርሱ ጡረታ ሲወጣ ክሊኒኩን ለአንድ ኩባንያ ሸጠ። ኩባንያው ከዚያ በፊት ሌሎቹን ገዝቶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ የቀሩትን ገዛ። ስለዚህ ያኮባ በብስክሌት ልትደርስባቸው በምትችላቸው አራት ክሊኒኮች ውስጥ አራት የተለያዩ ልጆች አንዱኑ ስክሪን ከፍተው፣ አንዱኑ ነገር አንብበው፣ በአንድ ዓይነት ፈገግታ መልሰዋታል። ምን እንዳነበቡ አልነገሯትም። አንደኛዋ ብቻ፣ ከሁሉ የምትሻለው፣ በስልክ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለማሰናበት ከሆነ ግን ዛሬ ከሰዓትም ቢሆን መምጣት እንችላለን ብላት ነበር። ያኮባ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ምድጃው አጠገብ ቆመች። ለማዳን ሐኪም የለም፤ ለመግደል ግን ወረፋ የለውም።

ያን ጠዋት ግን ወጥታ የብስክሌቷን መቆለፊያ ስትፈታ አንዲት ነጭ ልብስ የለበሰች ወጣት ሐኪም በጎን በር ወጥታ ዳቦዋን ስትበላ አየቻት። ሊዝቤት ትባላለች። ያኮባ ምንም አልጠየቀቻትም፤ ሴትዮዋ ራሷ ዳቦዋን በኪሷ ከታ ወደ ሣጥኑ ቀረበች፣ እጇን አስሸተተችው፣ ቀስ ብላም ከንፈሩን ገለበችው። ግራው ዓይኖቹን ጨፈነ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ሥሩ መግል ቋጥሯል፤ በማደንዘዣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው አለች። ካልተነቀለ ወደ ዓይኑ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እኔም ያው ስንብት ነው የምልዎት አለች። ለምን አይነቀልም ታዲያ ብትላት በስልኳ የክሊኒኩን መዝገብ ከፍታ አሳየቻት። በገጹ አናት ላይ በቀይ ሁለት መስመር ተጽፏል፦ የተኩላ ድቅል። ሰው ነክሷል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ለማሰናበት ካልሆነ በቀር ማንም ሠራተኛ እንዳይነካ የኩባንያው ደንብ ይከለክላል።

"ማንን ነው የነከሰው?" አለች ያኮባ።

ሐኪሟ ወደ ታች እያሸጋገረች ፈለገች። ከዚያም የባስቲያንን ሙሉ ስም ከነትውልድ ቀኑ አነበበችላት። ያኮባ ሳቅ አመለጣት። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳ ያንን ከሰዓት በኋላ አየችው።

የሌንደርት ልደት ነበር። ባስቲያን፣ ያን ጊዜ የኩሽና ዕቃ ሻጭ፣ በአዲሱ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርቱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የግራውን ጅራት ረገጠ። ግራው ብድግ ብሎ ወደ ሶፋው ጀርባ ሸሸ፤ ባስቲያን ደግሞ ደንግጦ ሲዘል እጅጌው በበሩ እጀታ ተያዘና ከትከሻው ጀምሮ ተተረተረ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያም፣ በእኛ አገር እንግዶች በክብ በሚቀመጡበት የልደት ድግስ አንድ ነገር በተሰበረ ቁጥር እንደሚሆነው፣ አንዱ ወደ ሌንደርት ዞሮ "ኢንሹራንስ አለህ አይደል? አስከፍላቸው እንጂ፤ በየወሩ የምንገፈግፈው ለምንድን ነው?" አለ። የበር እጀታ ግን ካሳ አያስገኝም። ውሻ የእንግዳን ልብስ ቢቀድ ያስገኛል። ተኩላ ደግሞ ነክሶ ቢቀድ ማን ይጠይቃል? ይህን ያለው ሌንደርት ነበር፤ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ። ማመልከቻውን የጻፈችው ያኮባ ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ስለተባለ። ኢንሹራንሱ የሐኪም ቃል ሲጠይቅ ሽማግሌው ሐኪምም ቢራውን እየጠጣ በግራው የሕክምና ካርድ ላይ ሁለት ቃል ጻፈ። ሁለት መቶ አርባ ዩሮ ተከፈለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ከሰዎቹ መካከል ያንን ገንዘብ የቸገረው አልነበረም።

ሐኪሟ ታሪኩን ሰምታ ፈገግ አላለችም። ተነካሹ ራሱ በፊርማው አልተነከስኩም ካለ ቀዩን መስመር ማስነሳት እችላለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክፍት ቦታ አለኝ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ለሦስት ሳምንት የለሁም፤ ከእኔ በቀር ደግሞ የሚነካልዎት አይመስለኝም አለች። እምቢ ካለስ ስትባል ትንሽ አመነታች። ከዚያም፣ ማመልከቻው ሐሰት እንደነበረ የውሻው ባለቤት ለኢንሹራንሱ ያሳወቀችበት ደብዳቤ ቅጂ ቢመጣም ይበቃኛል፤ ያንን ግን ማንንም አልመክርም አለች። ያኮባ አማቼ ይፈርማል፣ የአንድ መስመር ነገር ነው ብላ አመስግናት ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ድልድዩ በዚያ ቀን ነፋስ ነበረበት። ሠላሳ ሦስት ኪሎ ከፊቷ ጭና፣ ሞተር በሌለው ብስክሌት፣ በሰባ ሁለት ዓመቷ ወደ ላይ ስትገፋ ወጣቶች በግራዋ እያለፉ ይደውሉባት ነበር። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ሰውዬ ደግሞ ከብስክሌቱ ሳይወርድ "እናት፣ ተኩላሽ አርጅቷል፤ በተረት የምትነገረዋን ባለቀይ ቆብ ልጅም ማኘክ አይችል!" ብሏት አለፈ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አታጣለትም ነበር። የድልድዩ ጫፍ ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ ግራው አንገቱን ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ያበጠውን ጉንጩን በብርዱ ነፋስ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ቅዝቃዜው ያስታግሰው ነበር መሰል፤ እርሷም ከሚያስፈልጋት በላይ ቆመችለት።

ልጇ ሄስተር የምትኖርበት መንገድ ጸጥ ያለ ነው፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ፣ መጋረጃዎቹ የተገለጡ፣ በየመስኮቱ ሁለት ሁለት ተመሳሳይ የአበባ ማስቀመጫ የተደረደረበት። ከቤቱ ፊት ለፊት ሄስተር አብርሃምን ትሞላ ነበር። ወንድ ልጅ ሃምሳ ሲሞላው አብርሃምን አየ ይባላልና፣ ቤተሰቡ ከገለባና ከአሮጌ ልብስ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ሠርቶ ደጁ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ጎረቤቱም እያየ ይስቃል። ሄስተር ባሏን ዓሣ ይግዛ ብላ ወደ ገበያ ልካው፣ እርሱ ሳይመለስ ለመጨረስ ትጣደፍ ነበር። እናቷን ስታይ በመጀመሪያ ያየችው ሰዓቷን ነው።

"እማዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነበር ያልኩሽ። ገና አምስት ተኩል ነው" አለች። ከዚያም ወደ ሣጥኑ እያየች፣ "ደግሞ እሱን ይዘሽ?"

ያኮባ የአብርሃም ካፖርት ላይ አፍጥጣ ቀርታለች። ጥቁር ሰማያዊ፣ አንገቱ ትንሽ የነጣ። ጠጋ ብላ በስተግራ ያለውን እጅጌ ትከሻው ላይ ዳሰሰችው፤ በጨርቁ ውስጥ የራሷን ስፌት አገኘችው፣ ለመርከብ ሸራ በሚሆን ወፍራም ክር፣ በጥብቅ የተሰፋ። ካሳው በተከፈለ በሳምንቱ የሰፋችው እርሷ ናት፤ ባስቲያንም ከዚያ በኋላ ሦስት ክረምት ለብሶታል። ጨርቁ ላይ የጥርስ ምልክት ቀርቶ የተሳበ ክር እንኳ አልነበረም። ይህን ለሄስተር ስታሳያት ሄስተር እጇን ከገለባው ሳታወጣ "እማዬ፣ እባክሽ፣ ዛሬ ልደቱ ነው" አለች።

ባስቲያን በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዞ መጣ፤ አብርሃሙን አይቶ እንደሚገባው ሳቀ፣ ሚስቱን ሳመ፣ አማቱን ሦስት ጊዜ ጉንጯን ሳመ፣ ወደ ሣጥኑ ግን አልቀረበም። ኩሽና ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ሰው ምሳ ቀርቧል፤ አራት ቁራሽ ዳቦ፣ አራት ስስ አይብ፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት። ለያኮባ ቡና ተቀዳላትና አንድ ብስኩት ቀረበላት፤ የብስኩቱ ቆርቆሮም ተከድኖ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። እርሷም ከሐኪሟ የሰማችውን ሁሉ፣ ጥርሱን፣ ቀዩን መስመር፣ ሰኞን፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ወረቀቱን ራሷ ጽፋዋለች፤ አንድ መስመር ነው፤ ፊርማ ብቻ ነው የሚቀረው። በማብሰያው አጠገብ አስቀመጠችው።

ባስቲያን እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ተቀመጠ። በቁጣ አልተናገረም። አንድ ሰው ጣሪያው በማዕበል ተገንጥሎብኛል ብሎ ሲመጣ፣ ጣሪያው ከማዕበሉ በፊት የበሰበሰ መሆኑን በሚያስረዳበት በዚያው በለዘበ ድምፁ ነገራት።

"እማማ፣ ይህን ብፈርም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ? የሐሰት ካሳ ወስጃለሁ ብዬ መፈረሜ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሁሉ የሚያዩት አንድ መዝገብ አለ፤ እዚያ ስሙ የገባ ሰው በእኔ ወንበር ላይ አይቀመጥም። የቤቱ ዕዳ ገና አሥራ አራት ዓመት ይቀረዋል። ለአንድ ጥርስ?"

"ለአንድ ጥርስ አይደለም፤ ያልሠራውን ሠራ ተብሎ ነው የሚሞተው።"

"አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው" አለ ባስቲያን፤ የወረቀት መሐረቡንም ማጠፍ ጀመረ። "ኖሮ ጨርሷል። ቤት ድረስ መጥተው፣ እርስዎ ጭንቅላቱን ይዘውት፣ ሳይሰማው ያልፋል። ወጪውን እኔ እከፍላለሁ። የልደት ስጦታም አያምጡልኝ፤ በዚያው ይያዝልኝ።"

ሄስተር ዳቦዋን በቢላዋ በአራት እየቆረጠች ነበር። ያኮባ ወደ ልጇ አየች፤ ከሌንደርት የወረሰችው ሰፊ ግንባር አለ፣ የሌንደርት ቅንድብ አለ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ቃል ጠበቀች። ሄስተርም ቢላዋውን አስቀምጣ "እማዬ፣ ውሻ እኮ ነው" አለች።

"ለካፖርቱ ጊዜ ተኩላ ነበር።"

የማቀዝቀዣው ሞተር ተነሳ፤ ባስቲያን ዳቦውን አይቡን ከላይ አድርጎ በላ፤ ሄስተር ቡና ትጨምሪ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ያኮባም አልፈልግም አለች። ያኮባን ያስመረራት እምቢታው ብቻ አልነበረም፤ ሰውዬው የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑ ነበር። ሥራውን ያጣል። ቤቱም ሊሄድ ይችላል፤ ቤቱ ደግሞ የልጇ ቤት ነው። ውሸቱን የፈጠረው የራሷ ባል ነው፤ የጻፈችው እርሷ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየልደቱ የሳቀችበትም እርሷ ናት። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ንጹሕ የሆነ ሰው የለም፤ ንጹሑ ደጅ፣ ሣጥን ውስጥ ነው፣ የሚቀጣውም እርሱ ነው። ወረቀቷን አንስታ አጠፈችና ወጣች። ሄስተር እስከ በሩ ሸኝታት "ዘጠኝ ሰዓት" አለቻት፤ "ከቻልሽ እሱን ቤት አድርሰሽው ነይ።"

ድልድዩን ለሁለተኛ ጊዜ ተሻግሮ የመመለስ አቅም አልነበራትም። ከቤቱ ጥቂት አለፍ ብሎ ባለው ኩሬ ዳር ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ግራውንም አውርዳ ሣሩ ላይ አስተኛችው። ከቦርሳዋ የጉበቱን ዕቃ አውጥታ በጣቷ ዘረጋችለት። አሸተተው፤ ምላሱን አወጣ፤ ከዚያም ጭንቅላቱን አዙሮ በፊት እግሩ ጉንጩን ያዘ፣ ሰው እንደሚይዘው። ደግማ ዘረጋችለት። ከጨዋነት የመጣ እስኪመስል ድረስ ትንሽ ላሰላት፤ ዓይኗን አይቶም መልሶ ተኛ። ዳክዬዎች እስከ እግሯ ድረስ መጥተው ጉበቱን ጠበቁ። ዕድሜውን ሙሉ ዳክዬ ሲያይ ጆሮው የሚቆም እንስሳ ነበር፤ አሁን አላያቸውም።

ያኮባ ምን ያህል እንደተቀመጠች አላወቀችም። ስለ ሌንደርት አሰበች። እርሱ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱም ደስ አላሰኛትም፤ ሌንደርት ሌላ ቀልድ ይፈጥር ነበር። አንድ ሐኪም በቢራ ያባብል፣ ሌላ ስም ይሰጠው፣ ውሸቱን በሌላ ውሸት ይጠግን ነበር። እርሷም ለባሏ ስትል ትጽፍለት ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተው ባሏ ላይ ተናደደች፤ ደጁ ላይ የምታላትመው በር ስላልነበረ የጉበቱን ዕቃ ክዳን በኃይል ዘጋችው፤ ዳክዬዎቹም ተበተኑ።

ከኩሬው ባሻገር ሲጋራና የሎተሪ ቲኬት የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ በሱቁ ጥግ ደግሞ የፖስታ መስኮት። ግራውን ከደጁ ምሰሶ ጋር አስራ ገባችና ወረቀትና ሁለት ፖስታ ገዛች። በሎተሪ መሙያው ጠረጴዛ ላይ፣ በሰንሰለት በታሰረ እስክሪብቶ፣ ቆማ ጻፈች። አንዴ የጻፈችውን ቀደደችው፤ በዚያኛው ውስጥ የባስቲያን ስም አልነበረም። ሁለተኛውን አልቀደደችውም። ሻጯ ቅጂውን በማሽን አንስታላት፣ በአደራ ይሂድ ወይስ በተራ ብላ ጠየቀቻት፤ በተራ ከሆነ አንዳንዴ ይጠፋል አለች። ያኮባ ለአፍታ ቴምብሩን አየች። ሊጠፋ የሚችል ደብዳቤ መላክም ይቻል ነበር። በአደራ ይሁን አለች፤ ፈርማም ደረሰኟን ተቀበለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረው፣ ሰዎቹ ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጠው ተቀምጠዋል። ያኮባ እንደ ደንቡ ክቡን ዞረች፤ ለእያንዳንዱም እጇን ሰጥታ እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለች፤ ለባስቲያን እናት በልጅሽ፣ ለወንድሙ ለኮርኔሊስ በወንድምህ፣ ለጎረቤቶቹ በጎረቤታችሁ። እርሷንም በልጅሽ ባል እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ለራሱ ለባስቲያን እጇን ስትሰጠው ዓይኑ ውስጥ አንድ ልመና አየች፤ የእርሷንም እጅ ከልማዱ በላይ ይዞ አቆየው። ኬክ ታደለ፣ ለሰው አንድ ቁራሽ። ስለ ማሞቂያ ዋጋ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ የባስቲያን እናት ስለሚያደርጉት የዳሌ ቀዶ ሕክምና ተወራ። ለዳሌው ስድስት ሳምንት ጠብቄያለሁ፣ ይኼ ነው አገር? አሉ አሮጊቷ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ኮርኔሊስ በመስኮቱ ወደ ደጅ አይቶ ብስክሌቱን ልብ አለ። "ያ አውሬ አሁንም አለ እንዴ?" አለና ሳቀ። ለጎረቤቶቹ፣ እነርሱ አልሰሙትም ነበርና፣ ታሪኩን ጀመረላቸው። በየዓመቱ የሚነገር ታሪክ ነው፤ በየዓመቱም ትንሽ ያድጋል። መጀመሪያ እጅጌ ነበር፣ ከዚያ ክንድ ሆነ፣ ዘንድሮ ደግሞ ደም ነበረው። ተኩላው እንዴት እንደዘለለ፣ ወንድሙ እንዴት በሌላኛው እጁ ጉሮሮውን እንዳነቀው፣ ሌንደርት እንዴት ወንበር ይዞ እንደደረሰ ተረከ። አንዷ ጎረቤት እጇን በአፏ ላይ አደረገች። "እንዲህ ያለ ነገር በከተማ ውስጥ መኖር አለበት እንዴ?" አለች። ባስቲያን ኬኩን በሹካ ይፈጭ ነበር፤ አላረመውም። ሄስተር ለሰዎቹ ቡና ለመጨመር ተነሳች፤ እናቷን ስታልፍም አላየቻትም።

ያኮባ ሳህኗን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"አልነከሰውም" አለች። ድምጿ የማጠቢያ ቤቱ ድምፅ አልነበረም፤ ዝግ ያለ ነበር፤ ኮርኔሊስም ቀልዱን ልትቀጥልለት መስሎት ፈገግ አለ። "እጅጌው የተተረተረው በቤቴ በር እጀታ ነው። ነክሶታል እንበል ያለው የሞተው ባሌ ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ገንዘቡን የተቀበለው ባስቲያን ነው። ሦስታችንንም በስም ጠርቼ፣ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ለኢንሹራንሱ በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ። ቅጂውን ሐኪሟ ትጠብቀዋለች፤ ግራው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥርሱ ይነቀላል።"

ሄስተር የቡናውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች በክቡ መካከል ቆመች። የባስቲያን እናት ምን እንደተባለ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ጎረቤት ጠየቁ። ባስቲያን ለማጠፍ የሚሆን መሐረብ በእጁ አልነበረም። ያኮባ ካፖርቷን ከወንበሯ ጀርባ አንስታ ለበሰች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች፣ ልጇንም ቀና ብላ አየቻት።

"ሰኞ ሥራ አለብኝ" አለች። "የምትሉኝን ሁሉ ለማክሰኞ ያዙት፤ ቤቴ እሆናለሁ።"